መልስ፦ ቀለሙ ስለሚረግፈው የእንጨት ሥዕል

የተከበሩ ጠያቂ፣ ደሴ አጠገብ ባለው ደብራችሁ የሚገኘው ጥንታዊ የእንጨት ሥዕለ ማርያም ቀለሙ እየረገፈ ስለሆነ፣ ኮምቦልቻ ወርዶ በአንድ አናጺ ቫርኒሽ ቢቀባ ይድን እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ፣ አያስቀቡት።

በእንዲህ ዓይነት ሥዕል፣ ሠዓሊው እንጨቱን በሙጫ በተለወሰ ጄሶ ከለበጠ በኋላ ነው ቀለሙን የሚያሳርፈው። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጄሶው ግን አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቅና እንደ ደረቀ ጭቃ ጠርዙን ወደ ላይ ያነሣል። ቫርኒሹ የተነሣውን ቅርፊት ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ውሎ አድሮም ይጠቁራል፣ በኋላ ሊያስለቅቁት ሲሞክሩ የጥንቱን ቀለም ይዞ ሊነሣ ይችላል። እርጥብ ጨርቅም ቢሆን አደገኛ ነው፤ የሙጫ ቀለም በውሃ ይሟሟልና።

የጥገና ባለሙያ ሊወድቅ የደረሰውን ክፍል በስስ ወረቀት ይዞ፣ በቀጭን ብሩሽ ከቅርፊቱ ሥር ቀላል የእንስሳ ሙጫ እያስገባ፣ በጥቂት ሙቀት በዝግታ ያስተኛዋል። የጠፋ ፊት ካለ ግን በግምት እንደ አዲስ መሣል የለበትም፤ በእኔ እምነት የጎደለ ፊት ከሐሰተኛ ፊት ይሻላል።

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና የመንግሥትን የቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ በቅድሚያ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። እስከዚያው ሥዕሉን ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት አያውርዱት፤ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በጠፍጣፋ ያስተኙት፣ ፎቶ ያንሡት፣ የረገፈውን ቅንጣት ሁሉ በፖስታ ያኑሩ። ከእንጨቱ ቀዳዳዎች ሥር አዲስ ዱቄት ካዩም ነቀዝ ስለሚሆን ከሌሎቹ ንዋያት ይለዩት።