ጎማላካ፣ ሸላክ እና የዘፈን ሸክላ

ጥያቄ፦ የቤት ዕቃ እየሠራሁ እሸጣለሁ። አባቴ እንጨት የሚቀቡትን ነገር «ጎማላካ» ይሉት ነበር፤ ደንበኞቼ «ሸላክ» ይሉኛል። እኅቴ ደግሞ ጥፍሯን ሸላክ ተቀብታ ትመጣለች። ሁሉም አንድ ነው? የዘፈን ሸክላስ ከዚሁ ቃል መጣ የሚባለው እውነት ነው? ደረሰኝ ላይ የትኛውን ልጻፍ?

መልስ፦ ጎማላካና ሸላክ አንድ ዕቃ ናቸው፤ የተለያየው የመጡበት መንገድ ነው። ጎማላካ የጣሊያንኛ ቃል ሲሆን እንደ ኮላ፣ ስቱኮና ኮምፔንሳቶ ሁሉ በአናጺዎቻችን አፍ ተላምዶ ቀርቷል። «ጎማ» ሲባል የመኪና ጎማ ትዝ ቢልዎ አይፈረድብዎትም። ጣሊያኖች ግን ሙጫንም ጎማ ይላሉ፤ ስለዚህ ጎማላካ «የላካ ሙጫ» ማለት ነው።

ሸላክ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣው ስም ነው። «ሸል» ቅርፊት፣ «ላክ» ደግሞ ሙጫው ነው፤ እንግሊዞች ይህን አጠራር ከፈረንሳይኛ ቃል በቃል ገለበጡት። አሠራሩን ላየ ሰው ስሙ ልክ ነው። በህንድ፣ በተለይም በጃርካንድ ግዛት፣ ጥቃቅን ነፍሳት በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰፍረው ጭማቂውን ይመጥጡና ሙጫ ያመነጫሉ። ሙጫው ከቅርንጫፉ ተፍቆና ታጥቦ ይቀልጣል፤ በጨርቅ ተጣርቶ በስሱ ይዘረጋል፤ ሲደርቅ ተሰባብሮ ቡናማ ቅርፊት ይሆናል። ሙጫው በሳንስክሪት «ላክሻ»፣ በሂንዲ «ላኽ» ይባላል። ቃሉ በፋርስ፣ በዐረብና በፖርቱጋል ነጋዴዎች አፍ ዞሮ አውሮፓ ሲደርስ «ላከር»ንም ወልዷል። ዛሬ በጣሳ የሚሸጠው ላከር ግን አብዛኛውን ጊዜ የኬሚካል ውጤት ነው፤ የነፍሳቱ ሙጫ የለበትም።

የእኅትዎም ሸላክ እንዲሁ ነው። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለጥፍር ቀለሙ ያወጣው የንግድ ስም ሲሆን ቀለሙ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚደርቅ ጄል ነው። እውነተኛውን ሸላክ ከፈለጉ ከረሜላ ላይ ያገኙታል፤ መጠቅለያው ላይ ኢ904 ተብሎ የሚጻፈው የሚያብረቀርቅ ሽፋን እሱ ነው። የነፍሳት ውጤት ስለሆነ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለመምህራን እተዋለሁ።

ሸክላን በተመለከተ ግን አልስማማም። ግምቱ ለምን እንደሚማርክ ይገባኛል፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩት የድሮ ዲስኮች በእርግጥም የድንጋይ ዱቄት በሸላክ ተቦክቶ የሚሠሩ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን ያስቀረጹትም በዚሁ ዓይነት ዲስክ ነው። ሁለት ፊደል ቦታ ቢለዋወጥ ሸላክ ሸክላ ይሆናል! ነገር ግን እናቶቻችን ከዚያ በፊትም በሸክላ ድስት ወጥ ይሠሩ፣ በሸክላ ምጣድ እንጀራ ይጋግሩ ነበር። ዲስኩን ያየ ሰው ክብ፣ ከባድ፣ ከእጅ ቢያመልጥ እንክት የሚል ነገር ነው ያየው፤ ለእንዲህ ያለው ዕቃ ስም ለማውጣት የፋብሪካውን ጥሬ ዕቃ ስም መስማት አያስፈልገውም። ሸላክ የሚለውን ቃል ያኔ ስንት ሰው ያውቀው ነበር? በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አምሃ እሸቴ ዘመናዊ ዘፈኖችን ማሳተም ሲጀምሩ ዲስኩ የማይሰበር ፕላስቲክ ሆኖ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ሸክላ ማለቱን አልተወም።

ወደ ደረሰኙ እንምጣ። ቅርፊቱን በአልኮል አሟሙተው፣ ጥጥ በጨርቅ ጠቅልለው እየነከሩ ደጋግመው ካሹት ጎማላካ ብለው ይጻፉ፤ የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሸላክ ቢሉም ስሕተት አይደለም። በጣሳ የተገዛውን ላከር ነፍተው ሳለ ጎማላካ ብሎ መጻፍ ግን ስሕተት ብቻ ሳይሆን ማታለል ነው፤ ጠርጣራ ደንበኛ በማይታይ ጥግ ላይ አልኮል ጠብ አድርጎ ይፈትነዋል። ጎማላካ ከሆነ ወዲያው ተለስልሶ ጣት ላይ ይጣበቃል።