ስለ ርክክብ፦ ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ

በፋብሪካ ጥገና ሙያ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከእነዚህ አሥራ ዘጠኙን ዓመት ሠራተኛ መምረጥና ማሠልጠንም የእኔ ኃላፊነት ነበር። ወጣቶች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ቀጣሪ ምን ዓይነት ሰው እንደሚፈልግ ነው። የአንድ ኮርስ ስም እንድጠራላችሁ እየጠበቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ርክክብ ነው።

በሃያ አምስት ዓመቴ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንድ ፓምፕ ኩሽኔታ (ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ክፍል) ዘይት አፍስሼ አዲሱን ሳልሞላ ፈረቃዬ አለቀ። ለሚተካኝ ሰው «ሁለተኛው ፓምፕ አላለቀም» አልኩትና ወጣሁ። በመዝገብ ላይ አንድም ቃል አልጻፍኩም። እኔ የቆጠርኩት ከበሩ በኩል ነበር፤ እሱ ደግሞ ከመስኮቱ በኩል ቆጠረ። ያለ ዘይት አስነሣው። ኩሽኔታው ነደደ፣ ዘንጉም ተበላሸ። ሰው አለመጎዳቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ፓምፕ መፍታትም መግጠምም በሚገባ አውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ ግማሽ የደረሰ ሥራ ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚሰጥ ነው።

የባሰም ደርሷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1988 በሰሜን ባሕር ላይ ፓይፐር አልፋ በተባለው የነዳጅ ማውጫ መድረክ፣ የአንድ ፓምፕ የግፊት መከላከያ ቫልቭ ለጥገና ተፈትቶ ቦታው በክዳን ብቻ ተዘግቶ ነበር። ሥራው በዚያ ቀን አላለቀም። ማታ ሌላው ፓምፕ ሲቆምባቸው የሌሊት ተረኞቹ ቫልቩ መፈታቱን አላወቁም፤ ይህን የሚገልጸው የሥራ ፈቃድ ወረቀት፣ ማለትም ጥገና ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ፣ ለብቻው ተቀምጦ ነበርና። ቫልቩ የተፈታበትን ፓምፕ አስነሡት። ጋዝ አፈትልኮ ፈነዳ። 167 ሰዎች ሞቱ። አደጋው እንዲህ እንዲከፋ ያደረጉ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ የእሳት ማጥፊያው ውኃ ፓምፖች በራሳቸው እንዳይነሡ መደረጋቸው አንዱ ነው። ሎርድ ከለን የተባሉ ዳኛ የመሩት የምርመራ ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ 106 ምክረ ሐሳቦችን ይዞ ነበር። የሥራ ፈቃድ አሠራሩና የፈረቃ ርክክቡ ልልነት በሪፖርቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው። ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን እነግር ነበር።

ስለዚህ ርክክብ ስል ምን ተሠራ፣ ምን ቀረ፣ የቱ አደገኛ ነው፣ ለእኔስ ያልገባኝ የቱ ነው የሚለውን፣ በቦታው ላልነበረ ሰው በሚገባ መንገድ ጽፎና ተናግሮ መሄድ ማለቴ ነው። አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ወጣት ሠራተኛ «አላውቅም» ካለ የሚናቅ ይመስለዋል። እኔ በኃላፊነት በቆየሁበት ጊዜ እንቅልፍ የነሡኝ የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም፤ አለማወቃቸውን የሸሸጉ ነበሩ። በሒሳብ ሥራም ይሁን በነርስነት ወይም በሶፍትዌር ሙያ፣ አለቃችሁ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ ይህ ልጅ ተጠናቀቀ ሲለኝ ተጠናቅቋል ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሥልጠና ባለሙያዎች ከማሽን ጋር የሚሠራውን ችሎታ «ጠንካራ»፣ ከሰውና ከወረቀት ጋር የሚሠራውን «ለስላሳ» ብለው ለዩ። «ለስላሳ ክህሎት» የሚለው ስም ዛሬም በየሥራ ማስታወቂያው አለ። እኔ አልወደውም። ሁለቱን በአንድ ፓምፕ ላይ ለይቶ የሚያሳየኝ ሰው አላገኘሁም።

ስለ ሠራተኛ አመራረጥም ልንገራችሁ። ሽሚትና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ የሥራ ልምድ ዓመት ብዛት ብቻውን ስለ ሰው የወደፊት ብቃት የሚናገረው ጥቂት ሆኖ አገኙት። ሥራውን ራሱን አሠርቶ ማየትና ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበት ቃለ መጠይቅ ግን ከተሻሉት መካከል ነበሩ። እኔም ለአመልካቾች በከፊል የተገጠመ ዕቃ ሰጥቼ ግማሽ ሰዓት ካሠራኋቸው በኋላ፣ ለሚቀጥለው ሰው ግማሽ ገጽ እንዲጽፉ አደርግ ነበር። ብዙ የምስክር ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች «ሁሉም ደህና ነው» ብለው ጽፈው ሄደዋል። አንዲት ልጅ ግን «ሦስተኛውን ብሎን ያጠበቅሁት ያለ መለኪያ ነው፤ እባክዎ እንደገና ይፈትሹት» ብላ ጻፈች። በዚያው ሳምንት ቀጠርኳት።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ሥልጠና ስትመርጡ ከምስክር ወረቀቱ በፊት አሠለጣጠኑን ጠይቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ፋብሪካዎች አዲስ ሠራተኛ በብዛት ማሠልጠን ሲያስፈልግ የተሠራበት ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው፦ ሠልጣኙን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ ሠልጣኙ ራሱ እየሠራ እንዲያስረዳ ማድረግ፣ ከዚያም መከታተል። ሦስተኛው የሌለበት ኮርስ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም ይወስዳል። እጃችሁ ሲሠራ የሚያይና ስትሳሳቱ የሚያርም ሰው ካለ ግን፣ ትንሽ ክፍል ውስጥ ቢሆንም ተመዝገቡ።

ኮምፒውተሩን ተማሩ፤ ይህን ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። የዓለም የኢኮኖሚ ፎረም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት ቀጣሪዎች እስከ 2030 ድረስ ከሠራተኞች ዋና ዋና ክህሎቶች 39 በመቶው ይለወጣል ብለው እንደሚጠብቁ አስፍሯል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም አሁን የሚያምር ሪፖርት ይጽፍላችኋል። ያላያችሁትን እንዳያችሁ አድርጎ ከጻፈ ግን ፊርማው የእናንተ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩ።

ገና ሥራ ያላገኛችሁም ይህን ዛሬ መለማመድ ትችላላችሁ። ከጓደኞቻችሁ ጋር የጀመራችሁትን የትምህርት ቤት ፕሮጀክት መሀል ላይ አቁሙት፤ ግማሽ ገጽ ርክክብ ጻፉና ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡት። እሱ ሥራውን ለመቀጠል ሲሞክር አጠገቡ ተቀመጡ፤ አፋችሁን ግን አትክፈቱ። የሚቆምበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ገጹን እንደገና ጻፉት፤ ለሌላ ሰውም ስጡት። ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ሁለቱንም ገጾች፣ የመጀመሪያውንና የታረመውን፣ ይዛችሁ ሂዱ።