ኮምፒውተሩ «የለም» ቢለኝስ?

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ሳዋስ 24 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው እትም «ስለ ላይብረሪ ግራ የገባችሁን ጻፉልኝ» ብዬ ነበር። እውነቱን ለመናገር ማንም ይጽፋል ብዬ አልጠበቅኩም። ጻፋችሁ። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሦስተኛ ዓመት የእንስሳት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሲኒየር ኤሴዬን በመንዝ በግ ላይ ልሠራ ነው። የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ ርዕሱን ወድጄ ነው የመረጥኩት። ላይብረሪ ገብቼ ኮምፒውተሩ ላይ «የመንዝ በግ» ብዬ ብፈልግ ምንም የለም አለኝ። በእንግሊዝኛም ሞከርኩ፣ ባዶ ነው። አድቫይዘሬ ደግሞ ርዕስ መቀየር አይቻልም ብለዋል። ምን ይሻለኛል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ርዕሱማ ጥሩ ነው፣ ያዢው። መቀየር ያለበት አፈላለግሽ ነው።

ያ ኮምፒውተር የሚያውቀው እኛ የመዘገብንለትን ብቻ ነው። የመጽሐፉን ርዕስ፣ የጸሐፊውን ስም፣ የተመደበበትን ዘርፍ። ውስጡን አላነበበውም። አንድ መጽሐፍ ስለ አፍሪካ በጎች ሲያወራ ቆይቶ መሃል ላይ ስለ መንዝ በግ ሃያ ገጽ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ አይነግርሽም። ስለዚህ ጠባቡን ትተሽ ሰፊውን ጠይቂው። «በግ» በይው፣ በእንግሊዝኛ። እምቢ ካለ «የእንስሳት እርባታ» በይው።

አንድ መጽሐፍ ሲያሳይሽ ደግሞ ርዕሱን ብቻ በእጅሽ ጽፈሽ አትሩጪ። አጠገቡ ያለውን ቁጥር ጻፊ። ተማሪ ይህን ቁጥር ሲንቀው አንጀቴ ነው የሚያርረው። የኛ ላይብረሪ በዲዊ አመዳደብ ነው የሚሠራ። የናንተም እንደዚያ ከሆነ 636 የእንስሳት እርባታ ነው። 636.2 ከብት፣ 636.3 በግና ፍየል፣ 636.5 ዶሮ። ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ ነው ይህን አመዳደብ በ1876 (በእነሱ አቆጣጠር) ያሳተመው። መንዝ የምትባል አገር መኖሯን የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ግን ለበጓ ቦታ አዘጋጅቶላታል። እናም 636.3 ጋ ሂጂና ቁሚ። መጽሐፎቹን አንድ በአንድ አውጪ። ከፊት ያለውን ማውጫ ዝለዪው። ከመጨረሻው ገጾች ላይ በፊደል ተራ የተደረደረ የቃላት ዝርዝር አለ፣ እሱን ክፈቺ። መንዝን እዚያ ነው የምታገኚው።

ስትፈልጊ የስሙን አጻጻፍ ቀያይሪ። የኛን ስም ፈረንጅ በመሰለው ነው የሚጽፈው። ሸዋ መሃሉ ላይ በ«ኦ» ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ በ«ኢ» እና በ«ደብልዩ» ተጽፎም ታገኚዋለሽ። የብርሃን «ብ» አንዱ ጋ በ«ኢ» ነው፣ ሌላው ጋ በ«አይ»። መንዝም በድሮ ጽሑፎች በ«ኤ» ተጽፎ ይገኛል። የጸሐፊ ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለኛ ሰው ዋናው የራሱ ስም ነው፣ የአባት ስም ተከታይ ነው። የውጭ አገር መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ገልብጦ በአባቱ ስም ያስገባዋል። በአንዱ ካጣሽው በሌላው ሞክሪ።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የአገራችን ጥናት አብዛኛው መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም። የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ ነው የተቀመጠው። እሱ ለብቻው ክፍል አለው፣ ወደ ቤት አይወሰድም፣ እዚያው ቁጭ ብለሽ ታነቢያለሽ። በመንዝ በግ ላይ ደግሞ ብዙ ተሠርቷል። ከ2009 (በፈረንጆች) ጀምሮ ገበሬዎቹ ራሳቸው አውራ በግ እየመረጡ ዝርያውን የሚያሻሽሉበት ሥራ መንዝ ውስጥ ሲካሄድ ቆይቷል። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም አለበት፣ የዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማትም አሉበት። የነሱን ጽሑፍ ሲጂስፔስ በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ታገኚዋለሽ። እዚያ ከገባሽ ችግርሽ የጽሑፍ ማጣት መሆኑ ቀርቶ መብዛት ይሆናል።

ይህን ሁሉ ከማድረግሽ በፊት ግን ጠረጴዛው ጋ ያለውን ሰው አነጋግሪ። ስታነጋግሪው የምትፈልጊውን መጽሐፍ ሳይሆን የምትሠሪውን ሥራ ንገሪው። አንድ ልጅ መጥቶ «የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ አለ?» አለኝ። አለ አልኩት፣ መደርደሪያውን አሳየሁት። ግማሽ ሰዓት ሲያገላብጥ ቆይቶ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ቆይ፣ ምን ልትሠራ ነው?» ብለው እናቱ አረቄ ታወጣለች። በጌሾው፣ በብቅሉና በማገዶው ወጪ ስንት እንደሚተርፋት ማስላት ፈልጎ ነው። ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም፣ የወጪ ሂሳብ አያያዝ ነው፣ 657 ጋ። መጀመሪያ አረቄውን ቢያነሳልኝ ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብን። አፍሮ ነው መሰለኝ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። አንኮበር አካባቢ መምህር ነኝ፣ የምማረው በክረምት ነው። ለጥናቴ የሚሆን ጽሑፍ በስልኬ አገኝና ልክፈተው ስል በዶላር ክፈል ይለኛል። ወጣቶቹ «ቴሌግራም ላይ አለ» ይላሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ዶላሩን ይርሱት። የጽሑፉን ርዕስ እንዳለ ገልብጠው ጎግል ስኮላር ላይ ያስገቡት። ከሥሩ «ኦል ቨርዥንስ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ካለ እሱን ይንኩ። ያው ጽሑፍ የተቀመጠባቸውን ሌሎች ቦታዎች ያሳይዎታል፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ነፃ ነው። እርስዎ መምህር ስለሆኑ ኤሪክ የሚባለውንም ይሞክሩ፣ በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለ የትምህርት ጥናቶች ክምችት ነው። የአፍሪካ መጽሔቶች፣ የኛዎቹም ጭምር፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም በኢንተርኔት ይገኛሉ።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን አንድ ነገር አለ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል አገልግሎት አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ላሉ ተቋማት የሚከፈልባቸውን መጽሔቶች በነፃ ይከፍታል፣ ኢትዮጵያም ውስጡ ናት። የጤናው ሂናሪ ይባላል፣ የግብርናው አጎራ። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ ላይብረሪውን «ተመዝግባችኋል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ካልተመዘገቡም መጠየቅዎ ይጠቅማል። አንድ ሰው ሲጠይቅ ነው እኛም የምንነቃው።

ቴሌግራሙን አልከለክልዎትም፣ ሁላችንም እናየዋለን። ግን ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመ የማይታወቅ ፋይል ጥናትዎ ውስጥ አያስገቡ።

ስለ ዓመተ ምሕረትም ልንገርዎት። አንዱ ተማሪ የአማርኛ ምንጩን 2009 ብሎ ጻፈ፣ ዓ.ም. የምትለዋን ዘለላት። መምህሩ «ይሄማ ያረጀ ነው፣ አዲስ ፈልግ» ብለው መለሱለት። በፈረንጆቹ እኮ 2016 ወይም 2017 ነው! ስለዚህ የኛን «ዓ.ም.» ብለው እንዳለ ይጻፉት። መቀየር ግድ ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይደምራሉ።

ጥያቄ፦ የማታ ተማሪ ነኝ። በስሜ የወጣ መጽሐፍ ለጓደኛዬ ሰጥቼው ጠፋ። እሱ መልሻለሁ ይላል፣ ላይብረሪው አልተመለሰም ይላል። ሐምሌ ላይ ክሊራንስ አለብኝ። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ሐምሌን አትጠብቅ፣ በዚህ ሳምንት ሂድ። ክሊራንስ በሚያስፈርሙበት ሰሞን ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ነው፣ ማንም ቆሞ አይሰማህም።

መጀመሪያ መደርደሪያው ጋ ሄደህ መጽሐፉን በቁጥሩ ፈልገው። የምሬን ነው። ተመልሶ ሳይመዘገብ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠ መጽሐፍ በየዓመቱ ያጋጥመኛል፣ ጥፋቱም የኛ ነው። ከታች ያለው ማኅተም የላይብረሪው መሆኑንና የመለያ ቁጥሩ አንተ የወሰድከው መሆኑን አይተህ ይዘኸው ወደ ጠረጴዛው ሂድ። ከሌለ ግን ከመግዛትህ በፊት ምን እንደሚቀበሉ ጠይቅ። ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዳንዱ ያንኑ መጽሐፍ ገዝተህ እንድትተካ ይጠይቅሃል፣ አንዳንዱ ገንዘብ ያስከፍልሃል። ፎቶ ኮፒ አስጠርዞ ያመጣ ልጅ አለ፣ አልተቀበልነውም።

እኔም ባንተ ቦታ ነበርኩ። ተማሪ ሳለሁ በመታወቂያዬ የወጣ መጽሐፍ ለዶርም ጓደኛዬ ሰጠሁ። እሱ ቀድሞኝ ተመርቆ ሄደ። እኔ የመጽሐፉን ዋጋ እጥፍ እስክከፍል ሁለት ሳምንት ወረቀቴ ተያዘ፣ የመጣልኝ ሥራም በዚያው አመለጠኝ። ሰውየውን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሰርግ ላይ አገኘሁት። አላነሳሁበትም፣ እሱም አላነሳውም።

ጥያቄ፦ ጋቢ ለብሼ ስገባ ዘበኛው መለሰኝ። በዚህ ብርድ ምን ልሁን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዘበኛው ትእዛዝ አክብሮ ነው። ጋቢ፣ ሰፊ ካፖርትና ቦርሳ በር ላይ የሚቀሩት ከሥራቸው መጽሐፍ ስለሚወጣ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን ይህን ደንብ ማክበር ከባድ መሆኑንም አውቃለሁ። ሹራብ ደርብ፣ ካልሲህን ሁለት አድርግ። ጠዋት ከመጣህ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ አጥናና እዚያ ወንበር ያዝ። እኛ ጋ በምሥራቅ በኩል፣ ጋዜጦቹ አጠገብ ነው። ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ከመጣህ ግን ተይዟል።