ኩላሊት ውስጥ «መጣበቅ» በሽታ ነው ጤና?

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ለታካሚዎች የሚታደል ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። «ሴሎቹ ከኩላሊቱ ማጣሪያ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ሲላቀቁ በሽታው ይጀምራል» ብዬ ጻፍኩ። አማርኛው ልክ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው። እኔ ብሆን ግን ሁለቱንም ግሶች እቀይራቸዋለሁ።

ስለ ሆድ ዕቃ ሲወራ «ተጣበቀ» ለጆሯችን ክፉ ወሬ ነው። «አንጀቱ ተጣብቆ ኦፕራሲዮን ተደረገ» እንላለን። «ተላቀቀ» ደግሞ የምሥራች ነው፤ ሰው ከሱስ ይላቀቃል፣ ከዕዳ ይላቀቃል። ስለዚህ ታካሚዎ ጽሑፉን ሲያነብ ሴሎቹ መላቀቃቸው መዳን ሊመስለው ይችላል፤ እውነታው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። በማጣሪያዎቹ የደም ሥሮች ላይ ፖዶሳይት የሚባሉ ሴሎች ተቀምጠዋል። ስማቸው የመጣው እግር ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ «ባለ እግር ሴሎች» ቢሏቸው ያምርባቸዋል። («እግረኛ» እንዳይሉ ብቻ፣ ወታደር ይሆናሉ።) እግራቸውን ዘርግተው፣ የአንዱ ጣት በሌላው ጣት መሃል እየገባ፣ የደም ሥሩን ዙሪያውን ያቅፉታል፤ ከሥራቸው ያለውን ስስ ሽፋንም ኢንቴግሪን በሚባሉ ፕሮቲኖች ጨብጠው ይይዙታል። በጣቶቹ መሃል ውሃው ያልፋል፣ ፕሮቲኑ አብዛኛው ደም ውስጥ ይቀራል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ሲጎዳቸው ግን ሽፋኑን ይለቁና ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ችግሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ እነዚህ ሴሎች እንደ ቆዳ ሴል በቀላሉ አይተኩም። ባዶ በቀረው ቦታ ፕሮቲን ያመልጣል፣ ሽንቱ አረፋ ይሠራል፣ እግር ያብጣል፣ ማጣሪያውም እያደር ጠባሳ ይሆናል።

ይህን የሚገልጽ ግስ ቤታችን አለ፦ ቆነጠጠ። በክረምት ጭቃ ላይ በባዶ እግር የሄደ ሰው፣ እንዳያዳልጠው መሬቱን በጣቶቹ እንዴት ቆንጥጦ እንደሚይዝ ያውቃል። ለተቃራኒው «ለቀቀ» ይበቃል። የጫማ ሶል ይለቅ የለ? «ተገነጠለ» አልወደድኩትም፣ ፖለቲካ ፖለቲካ ይሸታል።

እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «እነዚህ ባለ እግር ሴሎች የማጣሪያውን ግድግዳ ቆንጥጠው ይይዛሉ። ሲለቁ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል፤ ኩላሊቱም ይጎዳል።»

«ወንፊት» ሳይሆን «ማጣሪያ» ማለትዎን ወድጄዋለሁ። ወንፊት የዱቄት ነው፤ ፈሳሽ ይጣራል ወይም ይጠለላል እንጂ አይነፋም።