ገመድ ከመጨመርህ በፊት ርዝመቱን እየው

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 24 ጫማ ጀልባ ገዝተህ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ቤይ ውስጥ ቋሚ ዶክ (ከውሃው ጋር የማይነሳ የጀልባ ማሰሪያ መድረክ) ላይ አስረሃታል፣ የመጀመሪያ የሀሪኬን ሲዝንህ ነው፣ እና ጥያቄህ "በደንብ አጥብቄ ሌላ አራት ገመድ ብጨምርባት ይበቃል ወይ" ነው። እኔ እዚሁ ሴንት ፒተርስበርግ ነው የምኖረው፣ 2024 ላይ በ13 ቀን ውስጥ ሄሊንም ሚልተንም የሚባሉት ሀሪኬኖች መጥተውብናል፣ በመጀመሪያው ጀልባዬ ክፉኛ ተጎድታለች በሁለተኛው ግን ጭረት እንኳን አልነካትም፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርህ። አጥብቆ ማሰር የሚለውን ግን ከአሁኑ ተወው፣ እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

ሄሊን ሴፕቴምበር 26 ማታ የብስ የገባው እኮ ከኛ በጣም ርቆ ወደ ሰሜን ቢግ ቤንድ የሚባለው የፍሎሪዳ ዳርቻ ጋ ነው፣ በኛ ትይዩ ሲያልፍ ማዕከሉ ባሕሩ ላይ መቶ ማይል ገደማ ይርቅ ነበር። ቀን ላይ ዶኩ ጋ ሄጄ ገመዶቹን ሳብ ሳብ አድርጌ አጠበቅኩ፣ ሁለት ጨመርኩ፣ ልቤ አርፎ ቤቴ ገባሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ ልክ እንደዛ ነው የሆነው። ማታ ውሃው በጣም ሞላ ከሚባልበት የወትሮ ልክ ላይ ስድስት ጫማ ጨምሮ ወጣ። ጀልባዋ ከውሃው ጋር ልትነሳ ስትል ገመዱ ወደ ታች ያዛት፣ የፊቱ ክሊት (ገመድ የሚታሰርበት የጀልባዋ ብረት) ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ፣ ከዛ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ጎኗ ምሰሶው ላይ ስትላተም አደረች። ጠዋት ሳያት ጎኗ ላይ ክንዴን የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር።

እስቲ ሒሳቡን እየው። ከክሊቱ እስከ ምሰሶው ያለው ገመድ 5 ጫማ ብቻ ከሆነና ውሃው 6 ጫማ ከተነሳ፣ ያ ገመድ ወደ 3 ጫማ መርዘም ይኖርበታል፣ የትኛውም ገመድ ይሄን አይችልም፣ ወይ ይበጠሳል ወይ ክሊቱን ይነቅላል። ገመዱ 25 ጫማ ከሆነ ግን ለዛው 6 ጫማ የሚያስፈልገው ተጨማሪ 8 ኢንች ገደማ ነው፣ ይሄንን ደግሞ ናይለን ሲለጠጥ ይሰጥሃል። ስለዚህ ቅርብ ያለውን ምሰሶ ትተህ ራቅ ወዳለው፣ ከቻልክ ከጎረቤት ባዶ ቦታ ማዶ ወዳለው ምሰሶ በሰያፍ እሰር፣ ከፊትም ከኋላም ከሁለቱም ጎን፣ ጀልባዋ መሀል ላይ እንድትንሳፈፍ። ጎረቤትን ማስፈቀድ ደግሞ ዛሬ ነው እንጂ ማዕበሉ በመጣ ቀን አይደለም። ምሰሶዎቹ ራሳቸው አጭር ከሆኑ ግን ምንም ገመድ አያድንህም፣ ጀልባዋ ተነስታ ላያቸው ላይ ትቀመጥና ውሃው ሲጎድል ይወጓታል፣ ተንሳፋፊ ዶክም ቢሆን ምሰሶው ካጠረ ዶኩ ከነጀልባዎቹ ተንሸራቶ ይወጣል።

ሌላው መፈግፈግ ነው። ገመድ መሀሉ ላይ ብዙም አይበጠስም፣ የሚበጠሰው ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሸው ጋ ነው። ብዙ ሰው የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያለብሰዋል፣ እኔም አድርጌዋለሁ፣ ጥሩ አይደለም፣ ናይለን ሲለጠጥና ሲመለስ ውስጡ ይሞቃል፣ ጎማው ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ዝናቡ እንዳያቀዘቅዘው ይከለክላል። አሮጌ የእሳት አደጋ ጎማ ወይ ወፍራም ቆዳ ይሻላል፣ እንዳይንሸራተትም ስፋው ወይ በደንብ እሰረው። ተጨማሪ ገመድ ያልከው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ትንሽ አርዝመው፣ አንደኛው ሲበጠስ እንዲረከብ።

ሚልተን ሲመጣ ግን ገመድ ውስጥ አልገባሁም። የጎኗን ቀዳዳ በጊዜያዊነት ደፍኜ በትሬለር ጭኜ ወደ መሀል አገር ከፍታ ቦታ ወሰድኳት፣ ከዛፍ አርቄ፣ ጎማውን በግንድ ደግፌ ትንሽ አየሩን አስተንፍሼ፣ ጀልባውንም ትሬለሩንም በማሰሪያ ጠፍሬ። ሚልተን ኦክቶበር 9 ከኛ በስተደቡብ ሲየስታ ኪ ላይ ስለገባ ነፋሱ የኛን ውሃ ወደ ባሕር ገፍቶ አወጣው፣ ቤዩ ጎደለ፣ ያኔ አጥብቆ ያሰረ ሰው ጀልባው ገመዱ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱ ውሃ አመጣ አንዱ ውሃ ወሰደ፣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ምክሬን በአንድ ቃል ከፈለግክ፣ አውጣት። ከውሃ የወጣችና ከፍታ ላይ የታሰረች ጀልባ ከየትኛውም ጎበዝ አሳሰር ትሻላለች።

ሊፍት (ጀልባን ዶኩ ጋ ከውሃ በላይ አንስቶ የሚይዝ ማሽን) ላይ ሰቅዬ ልተዋት እንዳትል ደግሞ። ውሃው ሊፍቱ ድረስ ከመጣ አንስቶ ይወስዳታል። ዝናቡም አለ፣ ሚልተን ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በአንድ ቀን ከ18 ኢንች በላይ ነው ያወረደው። የጀልባህ ወለል 120 ስኩዌር ጫማ ቢሆንና ፍሳሹ በቅጠል ቢደፈን ይሄ ከአምስት ቶን በላይ ውሃ ነው፣ ሊፍቱም ትሬለሩም አይችለውም። ስለዚህ ከውሃ ውጭ ከሆነች የታችኛውን ቡሽ ንቀል፣ ውሃ ላይ ከቀረች ቡሹ ይጠበቅ፣ ፍሳሾቹ ይጠረጉ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን ቢልጅ ፓምፑም (ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ የሚያወጣው) ይሞከር፣ ከዶኩ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ገመድ ግን ንቀለው። ጥላውን፣ ሸራውን፣ አንቴናውን፣ ወንበሩን ሁሉ አውርድ። ነፋስ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ያቺ ትንሽ ሸራ የምትስበው አይገመትም።

ጊዜውን አትናቅ። ነፋሱ 40 ማይል በሰዓት አካባቢ ሲደርስ ተከፋች ድልድዮች ይቆለፋሉ፣ ማውጫ ራምፑም ከሁለት ቀን በፊት በሰልፍ ይሞላል፣ እኔ አራት ቀን ሲቀረው ነው የምነሳው፣ አቅጣጫውን ቀይሮ ቢሄድ የጠፋብኝ አንድ ቅዳሜ ነው። ኢንሹራንስህንም ዛሬ አንብበው፣ ለሀሪኬን ጉዳት አንተው የምትከፍለው ለብቻው የተቀመጠ ድርሻ ያለው ብዙ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጀልባ ለማውጣት የከፈልከውን በከፊል ይመልሳል። ቪዲዮ ቅረጻት፣ ከውስጥም ከውጭም።

እና እባክህ፣ እባክህ፣ ፓምፑን ልመልከት ወይ ገመዱን ላላላ ብለህ ውስጧ እንዳታድር። ውጣ ሲሉህ ውጣ። ልጆች አሉኝ ብለሃል።

የምሰሶዎቹን ፎቶና በመሀላቸው ያለውን ርቀት እዚሁ ለጥፍልኝ፣ የትኛው ገመድ ወዴት እንደሚሄድ አብረን እናየዋለን። ትሬለር ከሌለህ ደግሞ የኔ 24 ጫማ ይችላል፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ የኔን ቀድሜ አውጥቼ ላንተ እመለሳለሁ።