ለዘጌ በጋራ ጀልባ ለምትሄጂው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቅዳሜ ከእናትሽና ከሁለት ልጆችሽ ጋር ሆነሽ፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር በአንድ ጀልባ በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌና ክብራን ገዳማት ልትሄጂ ነው፤ «ሰው ሳላስቀይም፣ እኔም ሳልቀየም እንዴት ልመለስ?» ነው ያልሽው። ስለ ነጠላና ጫማ ስለማውለቅ ላንቺ መንገር ድፍረት ነው። ሰው የሚጣላበትን ልንገርሽ።

1. የሂሳቡ ነገር ከመሳፈር በፊት ይወሰን። ዋጋው ለጀልባዋ ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ለጀልባዋ ከሆነ፣ አንድ ሰው ሲቀር ድርሻው በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፤ የቀረ ሰው ድርሻውን ምን እንደሚያደርግ ማታውኑ ተነጋገሩ። ገንዘቡን አንድ ሰው ይሰብስብ፤ ግማሹ ሲነሱ፣ ግማሹ ሲመለሱ ለካፒቴኑ ይሰጥ። የሚቆምባቸው ቦታዎች በስም ይጠሩ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ የዓባይ መውጫ። «ዞር ዞር አድርገን እናመጣችኋለን» የሚል ቃል አትቀበዪ። መንገድ ላይ አንዱ ደስ ብሎት «እዚያችም ደሴት እንድረስ» ቢል፣ ሁሉም እሺ ካላሉ አይኬድም፤ ከተኬደም የቤንዚኑን ልዩነት ጠያቂው ይቻል። የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ከጀልባው ዋጋ ውጭ ነው፤ በየደጁ እያንዳንዱ ለራሱ ይከፍላልና ዝርዝር ብር ያዢ።

2. ላይፍ ጃኬቱን ቆጥረሽ ግቢ። የሰውና የጃኬት ቁጥር እኩል ካልሆነ ጀልባዋ ሞልታለች ማለት ነው፤ ደላላው «ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን» እያለ ቢጎተጉትም። ይህን መናገር ነውር የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም። ለልጆቹ ስታስሪላቸው ጃኬቱን ከትከሻው ይዘሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው፤ አገጫቸውን አልፎ ጆሯቸው ጋ ከደረሰ ሰፍቷቸዋል፣ ውሃ ውስጥ አልፏቸው ይወጣል። አነስ ያለ ጠይቂ። እናትሽ ነጠላቸውን ከጃኬቱ በታች ያድርጉት፤ ከላይ ከሆነ ማሰሪያውን ይሸፍናል፣ ሲረጥብም ይጎትታል።

3. ሰዓት። እዚህ ላይ ቆይቼ ልናገር፤ በጋራ ጀልባ ትልቁ በደል ማርፈድ ነው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጠዋት ጸጥ ብሎ ይተኛል። ከቀትር በኋላ ምድሩ ሲግል ነፋሱ ከሐይቁ ይነሳል፤ ውሃው ጥልቅ ስላልሆነ ማዕበሉ አጭርና ተከታታይ ሆኖ ይመታል። ጎኗን እንዳይመታት ካፒቴኑ ጀልባዋን አጣሞ ይነዳል፣ መንገዱ ይረዝማል፣ ቤንዚኑ ያልቃል፣ ልጆች ያስመልሳቸዋል። ስለዚህ ዘጌ ላይ ግማሽ ሰዓት ያረፈደ ሰው የወሰደው የሌላውን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም ወደ ማዕበል እየወሰዳቸው ነው።

ከባሕር ዳር 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ዘጌ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጫካ ውስጥ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይወጣል፤ ስለዚህ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጦ መገኘት አለበት። «4 ሰዓት ከሩብ» ሲባል ከገዳሙ መነሻ ሰዓት የሚመስለው ሰው አይጠፋምና ከመውረድ በፊት ድምፅ ከፍ አድርገሽ አስረጂ። ሰው የሚቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አይደለም፤ ሲመለስ መንገድ ዳር ዕቃ ሲከራከርና ቡና ተጋብዞ ሦስተኛውን ሲጠብቅ ነው። መግዛት የፈለገ ሲወጣ ዋጋ ይጠይቅ፣ ሲወርድ ከፍሎ ይለፍ። ቅዳሜን መምረጥሽ ጥሩ ነው፤ ቅዳሴው በጠዋት ያልቃል። ረቡዕና ዓርብ ግን ከቀትር በኋላ ስለሚዘልቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የግድግዳ ሥዕል ለማየት የመጣ ሰው ደጅ ሲጠብቅ ነፋሱ ይነሳበታል።

ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ ታውቂያለሽ። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው፦ ወንዶቹ «አሁን እንመጣለን» ብለው ይወጣሉ፣ ሴቶቹ አናት የሚበሳ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ ይቀመጣሉ። ዋጋውን እኩል የከፈለች ሴት እንዲህ ልትንገላታ አይገባም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ነው፣ ሴትም ይገባል። ካፒቴኑ እናንተን እዚያ አውርዶ ወንዶቹን ክብራን ያድርስና ሲመለስ ይውሰዳችሁ። ይህንን ባሕር ዳር ላይ ንገሪው፤ ሐይቁ መሀል ስትነግሪው ተጨማሪ ሂሳብ ይመጣል።

የዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ሲታይ ማንም ከመቀመጫው አይነሳ። ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ሲሮጥ ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ አደጋው ከጉማሬው ይልቅ ይሄ ነው። ካፒቴኑ ጀልባዋን ያዙራት፣ ሁለቱም ወገን ተቀምጦ ያያል። «ትንሽ ተጠጋ» ብሎ መለመንም ይቅር፤ ጉማሬ ጠልቆ የት እንደሚወጣ አይታወቅም።

ታንኳ ስታዩ ደግሞ ፍጥነት እንዲቀንስ ካፒቴኑን ጠይቁት። የደንገል ታንኳ ከውሃው እምብዛም ከፍ አይልም፤ ሞተር ያስነሳው ሞገድ ጭነቱን ያበሰብሰዋል፣ ቀዛፊውንም ሊገለብጠው ይችላል። ውሃው ላይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተንሳፍፎ ስታዩም ዝም አትበሉ፤ ቆሻሻ የሚመስለው ብዙ ጊዜ የዓሣ አጥማጅ መረብ ምልክት ነው፣ ሞተሩ ከጠቀለለው የድሃ እንጀራ ተቆረጠ፣ እናንተም እዚያው ቆማችሁ ቀራችሁ።

ልጆቹ እጃቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ እንዳይሄዱ፤ ሚዛን ያጣሉ። ዳር ላይ ገብተው እንዲንቦጫረቁም አትፍቀጂ፣ ቢልሃርዝያ አለበት። ጀልባ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። በስፒከር ሙዚቃ የሚከፍት ካለ ካፒቴኑ ሞተሩን መስማት እንዳለበት ነግረሽ አስዘጊው፤ የሞተር ብልሽት መጀመሪያ የሚታወቀው በድምፁ ነው።

እናትሽን መሀል ላይ አስቀምጪያቸው። ፊት ለፊት ማዕበሉ ያንገጫግጫቸዋል፣ ኋላ የሞተሩ ጭስ አለ። ሲሳፈሩ ዕቃቸውን ቀድመሽ አቀብዪ፣ ሁለት እጃቸው ነጻ ይሁን፣ የጀልባዋን ጠርዝ ሳይሆን መሀሏን ይርገጡ። የዑራ ዳገት ከከበዳቸው አዝዋ ማርያም ለወደቡ ቅርብ ናት፤ እሳቸውና ትንሹ ልጅ እዚያ ተሳልመው ጥላ ሥር ይጠብቁሽ፣ አንቺ ከሌሎቹ ጋር ወጥተሽ ተመለሺ።