ዳቦ የቆረጠ መጨረሻ ያነሣል

ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን የማረካቸው የእንግሊዝ ወታደሮች በረሃብ ያላለቁት እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን በእርዳታ እህል ሥራ ላይ ነውና የፈጀሁት፣ ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስንቱን ወጣት ስለ መጋዘንና ስለ መኪና ሳስተምር ስለ ቢላዋው ሳልነግረው ቀረሁ።

እ.ኤ.አ. በ1929 የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት፣ ማራኪው ለራሱ የደጀን ወታደር የሚሰፍረውን ያህል ቀለብ ለምርኮኛም ይስጥ ይላል። በተግባር የደረሰው ግን ቀጭን ሾርባ፣ ድንችና ጥቁር ዳቦ ነው። ነፍስ ያቆየው የቀይ መስቀል እሽግ ነበር። 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ታስቦ ይላካል። ሻይ፣ ስኳር፣ የቆርቆሮ ሥጋ፣ ማርጋሪን፣ ብስኩት፣ ቸኮሌት፣ የጣሳ ወተትና ሳሙና አለው። ከእንግሊዝ በመርከብ ሊዝበን ይገባል፤ ከሊዝበን ማርሴይ፣ ከዚያ በባቡር ጄኔቫ፣ ከጄኔቫ ወደየካምፑ።

ካምፕ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ለማምለጫ ስንቅ እንዳይጠራቀም ጠባቂዎቹ ቆርቆሮውን ይበሱታል። የተበሳ ሥጋ አይቆይም፤ ብቻውን የሚበላ ሰው ወይ ባንዴ ይጨርሰዋል ወይ ይበላሽበታል። ስለዚህ እሽጋቸውን ቀላቅለው አብረው በሉ፤ ዛሬ የአንዱ ይከፈታል፣ ነገ የሌላው።

ዳቦው ግን ይብሳል። አንድ ሙልሙል ለብዙ ሰው፣ ሚዛን በሌለበት። ያገኙት መላ፦ የቆረጠው ሰው መጨረሻ ያነሣል። እስኪ አስቡት፣ ስድስት የተራበ ሰው ከቦ እጁን ያየዋል፤ አንዱን ቁራሽ አሳንሶ ከቆረጠ ያች ትንሿ ለራሱ ናት የምትተርፈው። ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ በካርታ ዕጣ የሚያወጡም ነበሩ። ዛሬ ወጣቱ ሰንጠረዥ መሙላት ይወዳል፤ ስርጭት ቦታ ቆሞ የሰፋሪውን እጅ ማየት ግን ይሰለቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ሲጋራም ከእሽጉ ጋር ይመጣ ስለነበር ገንዘብ ሆነ። ብዙ ሲጋራ ሲገባ የዕቃው ዋጋ በሲጋራ ሲቆጠር ይወጣል፤ ሌሊት የአየር ድብደባ ካለ ጭንቀቱ ያስጨስና ሲጋራው ያልቃል፣ የዕቃው ዋጋ ይወርዳል። ጥሩው ይጨሳል፣ መናኛው ለገበያ ይቀራል።

ሕጉን ከወረቀት የቆጠርኩት መስሎ ከሆነ ልመልሰው። የሶቪየት ኅብረት ስምምነቱን አልፈረመችም፤ ጀርመንም ያንን ምክንያት አድርጋ እሽግ ለሶቪየት ምርኮኞች እንዳይደርስ ከለከለች። ከተማረኩት 5.7 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከ3 ሚሊዮን በላይ ሞቱ። በአንዳንድ ካምፖች ከእንግሊዞቹ የሚለያቸው የሽቦ አጥር ብቻ ነበር።

በ1944 ሐዲዱ በቦምብ ሲቆራረጥ የእንግሊዞቹም እሽግ መሳሳት ጀመረ። አንዱ ለሁለት፣ ከዚያም ለበለጠ ሰው ይከፈል ነበር፤ ያኔም የሚቆርጠው ሰው መጨረሻ ያነሣ ነበር።